ለሦስት ወር ብቻ ስለተዘጋው የዛፍ ላይ ቤትና ስለ ሳንቃው

ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ለጥላዬ የቤተሰብ መዝናኛ ማዕከል፣ አሁን ደግሞ ለጥላዬ የዛፍ ቤት አፓርትመንቶች ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ብዕር ያነሣሁት ስለ አንድ ሳንቃ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ስፋቱ ከአንድ ስንዝር ጥቂት የሚበልጥ፣ በአንድ ገጹ የሰፈራችን ልጆች ስምና ቁመት የተጻፈበት የጽድ ሳንቃ በአሁኑ ሰዓት በሽያጭ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ይገኛል። የእርስዎ አይደለም፤ እንዲመለስልን እፈልጋለሁ። ጉዳዬን በመጀመሪያው አንቀጽ መናገሬ ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምክንያቱን ማስረዳት ብቻ ስለሆነ፣ ከፈለጉ እዚህ ላይ አቁመው ሳንቃውን ሊልኩልን ይችላሉ።

ካላቆሙ ግን አስቀድሜ የጤና ምኞቴን ላቅርብ። ጉልበትዎ ደረጃ ለመውጣት፣ ዓይንዎ ደቃቅ ጽሕፈት ለማንበብ፣ ትውስታዎም የገቡትን ቃል ለመያዝ ብርቱ ይሁን። በተለይ የመጨረሻው እንዲጠናልዎ አጥብቄ እመኛለሁ።

ዘርአጽዮን ወልደጻድቅ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት በአራሚነት አገልግዬ በ2001 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብቻለሁ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ይህ ግልጽ ደብዳቤ እንደ መሆኑ፣ እርስዎ ለሚያውቁት ሳይሆን ለማያውቁት አንባቢዎች ሲባል ስለ ቤቱ ጥቂት ልናገር።

ከቦሌ መድኃኔዓለም በስተ ምሥራቅ ባለው ሰፈራችን አንድ አሮጌ ዋርካ ነበር፤ የእድሩ ስብሰባ የሚደረገው በጥላው ሥር ነበር። በ1999 ዓ.ም. ማዕከሉ ሲቋቋም ዛፉ በአጥሩ ውስጥ ገባ፤ እኛም ለልጆች ነው ስለ ተባልን ወንበሮቻችንን አንሥተን ያለ ክርክር ለቀቅን። ኤርሳዶ የሚባል አናጢ ተቀጥሮ በዋርካው ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠራ። ግንዱን በሚስማር አልወጋም ብሎ ወጋግራውን ሁሉ በገመድ አሰረው፤ ሥራው ካለቀ በኋላም እዚያው የቤቱ ጠባቂ ሆኖ ቀረ። አሥራ ሰባት ደረጃ ያለው መሰላል፣ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው የሚያሻግር የገመድ ድልድይ፣ ከላይ እስከ ታች የሚያነጋግር የቧንቧ ስልክ ነበረው። መብራት በሚጠፋ ጊዜ የማዕከሉ ባቡር በመንገዱ መካከል ይቆማል፣ የሚዞሩት ፈረሶች አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ይቀራሉ፣ የሚጋጩት መኪኖችም ይታረቃሉ። የዛፍ ላይ ቤቱ ግን መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራ ነበር። ልጆች መብራት እንዲጠፋ ሲለምኑ የሰማሁት እዚያ ብቻ ነው።

ከላይኛው መስኮት ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ጎማቸውን ሲዘረጉ ይታያሉ። የልጅ ልጄ ዮሃና አንድ ቀን ወጥታ አልወርድም ስላለች፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ አሥራ ሰባቱን ደረጃ ወጥቼ አውርጃታለሁ። እኔም ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ዘግይቻለሁ። ለባለቤቴ ለኣብርሀት ጉልበቴ ስላመመኝ ነው አልኋት፤ ያዘገየኝ ግን መስኮቱ ነበር።

የሳንቃው ነገር የተጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። ጎረቤቴ አብዱልናስር ከላምበረት ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ አራትና አምስት ቀን ይቆያል። የአራት ዓመት ልጁን ሙስአብን ይዞ መጥቶ ለኤርሳዶ እንዲህ ሲለው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ «ይሄ ልጅ እኔ መንገድ ላይ ስሆን ነው የሚያድገው። የት እንደ ደረሰ ምልክት አድርግልኝ።» ኤርሳዶ በመሰላሉ ሥር አንድ ሳንቃ አቆመ፣ ልጁን አስደግፎ በመዳፉ አናቱን ተጫነውና መስመር አሰመረ። «ስሙን ጋሼ ይጻፉት፣ የእኔ ጽሕፈት ዝንብ የሄደበት ነው የሚመስለው» ስላለኝም ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን እኔ ጻፍሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ በዋርካው ሥር ይሰለፋል፤ ኤርሳዶ ያሰምራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እናቶች ተረከዙን አንሥቶ የሚያታልለውን ልጅ ጭንቅላቱን ኮርኩመው ያስተካክላሉ። በሳንቃው ላይ የስድሳ ሦስት ልጆች ስም አለ።

የሙስአብ የመጨረሻ መስመር የጳጉሜን 2009 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ሜትር ከሠላሳ ስምንት። በጥር 2010 ዓ.ም. በአምስት ቀን ሕመም ተለየን፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። እናቱ ሀጀር ከዚያ ወዲህም አንድም ጳጉሜን አልቀረችም። የሌሎቹ ልጆች ልኬት እስኪያልቅ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትቀርብና መዳፏን መስመሩ ላይ ታሳርፋለች። መስመሩ ልክ ከአገጯ ሥር ይደርሳል። ጥቂት ቆይታ ለሁላችንም መልካም አዲስ ዓመት ተመኝታ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

፩. ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አጋማሽ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዎ የነበረችው ወጣት ናዲያ አንድ ወረቀት ይዛ በሬን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ሰፈሩ የሚሰማው እርስዎን ነው፤ እርስዎ አይተውት ቢለጠፍ ይሻላል ብለዋል ሥራ አስኪያጁ» አለችኝ። ወረቀቱ ሰባት መስመር ሆኖ አሥራ አንድ ስሕተት ነበረበት። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ዕለት ከአሥራ አንዱ በቀር ምንም አልታየኝም። «የዛፍ ላይ ቤቱ ለእድሳት ከመጋቢት 1 ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ብቻ ይዘጋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ሥርዓተ ነጥቡ ትክክል መሆኑን መረመርሁ፤ እውነት መሆኑን አልመረመርሁም። ያም ሳይበቃኝ፣ ጽሑፉ በደረቁ እንዳያልቅ ብዬ «ቤቱ ታድሶ ልጆቻችሁን ይጠብቃል» የሚል መዝጊያ ከራሴ ጨመርሁ። ማስታወቂያው በበሩ ላይ ሲለጠፍ የሚያነብበው ሁሉ «ጋሽ ዘርአጽዮን ያዩት ነው» እየተባባለ ያልፍ ነበር። ሐሰትዎን ንጹሕ አማርኛ ለማልበስ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔን መምረጥዎ ለሙያዬ የተሰጠ ከፍተኛ ክብር ነው፤ ማተሚያ ቤቱ እንኳ ስሰናበት የሰጠኝ አንድ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነበር።

፪. ቤቱ ክፍት ስለነበረበት ስለ መጨረሻው ቀን ደግሞ ለብቻው አመሰግናለሁ። ዕለቱ እሑድ የካቲት 30 ቀን ነበር። ሁላችንም ጾም ላይ ነበርን፤ እኔ በዐቢይ ጾም፣ ሀጀር በረመዳን። ከሰዓት በኋላ ከንፈሯ ደርቆ ደጄ መጣችና፣ «ጋሽ ዘርአጽዮን፣ ኤርሳዶን ጠይቄው ነበር። ሳንቃውን በአምስት ደቂቃ ይነቅልልኛል። ላስነቅለው እንዴ?» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኋት ይወቁት። «ለሦስት ወር እኮ ነው፤ የተለጠፈውን አላነበብሽም?» አልኋት። የሕዝብ ንብረት በግል አይነቀልም ብዬ አከልሁበት፤ ሁሉም እናት እንደ አንቺ ልንቀል ብትል ሥርዓት አይኖርም ብዬ ጨመርሁ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ በሕይወቴ ሁሉ ከተናገርኋቸው ንግግሮች በሰዋስው ረገድ አንዳች እንከን የማይወጣለት ነበር። እርሷም ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ «እርስዎ ካሉማ» ብላ ተመለሰች።

እነዚህን ሁለት ቃላት ለማረም ዘጠኝ ወር ሞክሬአለሁ፤ የሚታረም ነገር የላቸውም።

፫. ማክሰኞ ግንቦት 19 ቀን ማለዳ ከቆርቆሮ አጥርዎ በላይ ይታይ የነበረው የዋርካው ጫፍ ወረደ። ከሦስት ወሩ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀር ነበር፤ ቢያንስ ቀጠሮው እስኪደርስ እንኳ ለመታገሥ አለመቻልዎን እንደ ትጋት ቆጥሬዋለሁ። ጎረቤቶቼ ደጄ ላይ ተሰበሰቡ። አንዱ «ጋሼ፣ እድሳቱ ከጫፍ ነው እንዴ የሚጀምረው?» አለኝ። እኔም ቅርንጫፍ መከርከም የእድሳት አካል መሆኑን አስረዳሁ። ረቡዕ ዕለት ሁለቱ ትልልቅ ቅርንጫፎች ሲወርዱ ለግንዱ ጤና የሚጠቅም መሆኑን አስረዳሁ። ሐሙስ ግንዱ በሦስት ተቆራርጦ በጭነት መኪና በደጃችን ሲያልፍ የማስረዳበት ነገር አለቀብኝ። እንግዲህ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ደመወዝና ያለ ሹመት የእርስዎ ቃል አቀባይ ሆኜ አገልግያለሁ ማለት ነው፤ ስላልሰጡኝ የምስክር ወረቀት ቅሬታ የለኝም።

ናዲያ ከወር በኋላ በስልክ ደወለችልኝ። ሥራውን ለቅቃ ነበር። «ጋሼ፣ ፕላኑ እኮ ያ ማስታወቂያ ከመጻፉ ከዓመት በፊት ያለቀ ነው። እኔም የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ወላሂ እንደ እርስዎ አምኜ ነው ያመጣሁት» አለችኝ። አመንኋት። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት የወጣ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ እርሱም የወጣው እርሷ ከወጣች በኋላ ነው።

፬. ሰኔ 3፣ ሐምሌ 14 እና መስከረም 20 ቀን ሦስት ደብዳቤዎች ጽፌ፣ በመዝገብ ቤትዎ አስፈርሜ፣ ሳንቃው የት እንዳለ ጠይቄአለሁ። መልስ አልመጣም። ስለ ዝምታዎም አመሰግናለሁ፤ ከቢሮዎ ስሕተት የሌለበት ጽሑፍ ሲደርሰኝ የመጀመሪያው ነው።

፭. በጥቅምት ወር ኤርሳዶ ሳንቃውን ያየ ሰው እንዳገኘ ነገረኝ። ዛሬ በር እየሠራ ነው የሚተዳደረው፤ የሠራውን ቤት ሲያፈርሱ ጠርተውት ነበር፣ አልሄደም። በነገረኝ ማግስት ኮቴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ ወደ ሽያጭ ቢሮዎ ሄድሁ። በመንገዱ ላይ ባቆሙት ትልቅ ሰሌዳ ላይ የእኛ የዛፍ ላይ ቤት ፎቶግራፍ አለ፤ መሰላሉ፣ ድልድዩ፣ ሁሉም አለ። ቤቱን አፍርሰው በሥዕሉ መኖሪያ መሸጥዎን ስመለከት በድፍረትዎ ልደነቅ ሲገባኝ፣ በመስኮቱ በኩል አጮልቃ የምትታየውን ሕፃን ማንነት ለመለየት ስታገል ቆየሁ። የማን ልጅ እንደ ሆነች አላወቅሁም።

ቢሮው በጣም ያምራል። ሳንቃው ከተቀባይዋ ወንበር ኋላ ተሰቅሏል፤ ተጠርጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። የተሰቀለው ግን ተጋድሞ ነው። ለግድግዳው የሚስማማው እንዲያ ስለ ሆነ ይመስለኛል። ከበላዩ በወርቅማ ፊደላት «ከእኛ ጋር ይደጉ» የሚል ተለጥፎበታል።

ክቡር ሆይ፣ ቁመት ተጋድሞ አይነበብም። ስድሳ ሦስት ልጆች በጎናቸው ተኝተዋል፤ ስድሳ ሁለቱ ዛሬ አድገው በእግራቸው ስለሚሄዱ ግድ ላይላቸው ይችላል። አንደኛው ግን በዚህች ከተማ ውስጥ ቆሞ የሚታይበት ሌላ ቦታ የለውም። የሙስአብን መስመር ከወንበሩ መደገፊያ በላይ አገኘሁት፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ የ2009ኙ ዘጠኝ ጭራዋ ትንሽ ረዝማለች፤ ያን ቀን እየሣቀ ክንዴን ስለነካኝ ነው።

ተቀባይዋ ትሑት ልጅ ናት። «ባለ ሁለት መኝታ ነው ባለ ሦስት የሚፈልጉት ጋሼ?» አለችኝ። የምፈልገው ከኋላዋ ያለውን ሳንቃ እንደ ሆነ ስነግራት ዘወር ብላ አየችው፤ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ። «ይሄማ ዴኮር ነው፤ ቪንቴጅ ነው ብለው ነው ያመጡት፤ አይሸጥም» አለች። ጽሕፈቱ የእኔ ነው ስላት ደግሞ፣ «ውይ ሲያምር። እንደዚህ አማርኛ የሚችሉ ከሆነማ ብሮሹራችንን ቢያዩልን? ሰው ሁሉ ስሕተት አለበት እያለ አስቸግሮናል» ብላ አንድ ብሮሹር በእጄ አስቀመጠች። ይዤው ወጣሁ። ምን እንዳደረግሁበት ከታች ያነብባሉ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ዛፉ እንዳይመስልዎ። ዛፍ ይቆረጣል፤ መሬት ይሸጣል፤ መዝናኛውን የሠራ ማፍረስም እንደሚችል አውቃለሁ። በየካቲት ወር «ቤቱ ይፈርሳል፣ የሚወሰድ ያላችሁ ውሰዱ» የሚል አንድ መስመር ጽፈው ቢያመጡልኝ፣ እያዘንሁም ቢሆን አርሜ እመልስልዎ ነበር፤ ሀጀርም በዚያው እሑድ ሳንቃውን አቅፋ ትገባ ነበር። እርስዎ የፈለጉት ግን ጩኸት እንዳይነሣ ነው፤ ጩኸቱን ደግሞ በእኔ እጅ ዘጉት።

ሀጀር አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። በመንገድ ስንገናኝ እንደ ወትሮዋ «እንዴት አደሩ ጋሽ ዘርአጽዮን» ትለኛለች፣ በዒድ ዕለትም ልጇ ፈትያ እንደ በፊቱ ሳህን ይዛልን መጥታለች። ነገር ግን ቀድሞ ከወረዳ ደብዳቤ ሲመጣላት፣ ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲላክላት፣ የምትፈርምበት ውል ሲኖራት «እስቲ ይዩልኝ» ብላ ወደ እኔ ታመጣ ነበር። ከግንቦት ወዲህ አንድም ወረቀት አላመጣችም። በዚህ ወር ከወረዳ የመጣላትን ደብዳቤ ታክሲ ተራ ድረስ ሄዳ ለማታውቀው ሰው ስታስነብብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሳንቃው ቫርኒሹን ሳትፍቁ፣ አንድም ስም ሳትነኩ፣ ለወይዘሮ ሀጀር በቤቷ ይድረስ፤ ሌሎቻችን ልጆቻችንን ለማየት የእርሷን በር እናንኳኳለን። እስከዚያው ድረስ፣ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን፣ ቀና አድርጋችሁ አቁሙት። ሦስተኛ፣ ማስታወቂያውን ባረምሁ ጊዜ እውነቱን አለማወቄን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይጻፍልኝ፤ እሑድ ጥር 3 ቀን በሚደረገው የእድራችን ጉባኤ ላይ ለማንበብ እፈልጋለሁ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚፈጽሙ ከሆነ የመጀመሪያውን ይፈጽሙ። ሦስተኛውን ይተዉት፤ አለማወቄን ብታረጋግጡልኝም፣ ማወቅ የነበረብኝ መሆኑን የሚሽር ማኅተም አይኖራችሁም።

መልስዎን እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ የሚነገረኝን፣ በሰው የሚላክልኝንና «እየታየ ነው» የሚለውን አልቀበልም። ቀኑ ካለፈ በጉባኤው ላይ ይህንኑ ደብዳቤ አነብባለሁ፤ ከዚያም የጸሐፊነቱን መዝገብና ማኅተም ለጉባኤው አስረክባለሁ፤ ቃሉን የሚያምንለት ያጣ ጸሐፊ ለእድር አይሆንምና።

ለጤናዎ፣ ለሥራዎ መቃናት፣ ለአዲሶቹ ፎቆችዎ ጽናት፣ በውስጣቸውም ለሚያድጉት ልጆች ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ በትዕግሥት የምጠብቅዎ፣ ለሦስት ወር ብቻ የታመንሁ አገልጋይዎ፣

ዘርአጽዮን ወልደጻድቅ
ጡረተኛ አራሚ፤ እስከ ጥር 3 ቀን የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሀጀርና ለአቶ አብዱልናስር
ለአናጢው ለኤርሳዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ብሮሹርዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርጌ መልሻለሁ። በሃያ አራት ገጽ ውስጥ አርባ ሦስት ስሕተት አለ፤ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ። አንዱንም አልነካሁም። አንባቢ ገና ከገጽ አንድ ጀምሮ እንዲጠራጠራችሁ እንዳለ ይታተም።